ቁንዶ በርበሬ፦ ስለ ሼን ዊሊያምስ የተደረገ ውይይት

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ዌልሱ የራግቢ ተጫዋች ስለ ሼን ዊሊያምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ተወልዶ...

እሷ፦ ከልደቱ ሳይሆን ከቁመቱ እንጀምር! አንድ ሜትር ከሰባ ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች በሚላተሙበት ሜዳ! ስለ እሱ ባነበብኩ ቁጥር ታናሽ ወንድሜ ነው ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው።

እሱ፦ ቁንዶ?

እሷ፦ አዎ፣ ቁንዶ በርበሬ! ሰፈሩ ዋና ስሙን ረስቶት ነበር። አባታችን በየእንቁጣጣሹ ቁመታችንን በሩ መቃን ላይ በእርሳስ ያሰምሩ ነበር። ቁንዶ ትንፋሹን ውጦ ተረከዙን ቀስ አድርጎ ያነሳል። እናታችን ጎንበስ ብላ እግሩን ትይዝና «አውርድ!» ትለዋለች። የሁለት ዓመት ምልክቶቹ ተደራርበው አንድ ወፍራም መስመር ሆነዋል። የሰፈሩ አሠልጣኝ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ኳስ ከቦይ ሲያስወጣው ከረመ እንጂ አንድ ቀን አላሰለፈውም።

እሱ፦ ሼንም በደቡብ ዌልስ፣ በአማን ሸለቆ፣ ለራግቢ ታንሳለህ እየተባለ ነው ያደገው።

እሷ፦ ታዲያ አልረዘመም! ሰው የማይገባው ይህ ነው። ወደ ግራ የሚሄድ መስሎ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ግዙፉ ተከላካይ ወገቡን ሳያዞር እሱ አልፏል። መሣሪያው ትንሽነቱ ራሱ ነው። ቁንዶም በሰው እግር ሥር ነበር የሚሾልከው።

እሱ፦ የ2003ቱን የዓለም ዋንጫ እንንገራቸው። የሄደው ከስክረም፣ ማለትም የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተቆላልፈው ለኳስ ከሚገፋፉበት መሃል፣ ኳስ አውጥቶ ለሚያቀብል ተጫዋች ቦታ ሦስተኛ ተመራጭ ሆኖ ነው። ሲድኒ ላይ ከኒውዚላንድ ጋር በክንፍ አሰለፉት፤ ትራይ፣ ማለትም ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት አስነክቶ የሚገኘውን ነጥብ፣ አስቆጠረ፤ ዌልስም በሁለተኛው አጋማሽ መርታ ነበር።

እሷ፦ 53 ለ37 ተሸነፉ እኮ!

እሱ፦ ቢሸነፉም ከዚያ በኋላ በ2005 እና በ2008 በስድስቱ አገሮች ውድድር ሁሉንም ጨዋታ አሸንፈው ግራንድ ስላም አገኙ።

እሷ፦ በዚያው በ2008 የዓለም ኮከብ ተጫዋች ተባለ! ለዌልስ በ87 ጨዋታ 58 ትራይ!

እሱ፦ ዛሬ ቢሆን ግን የሚመርጠው አያገኝም። ጨዋታው የግዙፎች ሆኗል።

እሷ፦ ቼስሊን ኮልቢስ? በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለደቡብ አፍሪካ ትራይ ያስቆጠረው? ከሼን በቁመት ብዙም አይበልጥም።

እሱ፦ እሱ አንድ ሰው ነው።

እሷ፦ ሼንም አንድ ሰው ነበር!

እሱ፦ እሺ፣ በዚህ ግማሽ መንገድ መጣሁልሽ።

እሷ፦ የመጨረሻ ጨዋታውን ለቁንዶ አሳየሁት። ካርዲፍ፣ ዲሴምበር 2011፣ አውስትራሊያ እየመራች ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሱ እጁ ገባ፤ ትራይ! 24 ለ18 ተሸንፈውም ስታዲየሙ ለእሱ ተነሣ። ቁንዶ «መልሺው» አለኝ፤ ሦስት ጊዜ አየነው።

እሱ፦ በሩ ላይ ያለው መስመርስ?

እሷ፦ አለ። ባለፈው ቤቱ ሲቀባ፣ ያንን መቃን እንዳይነኩት ቁንዶ ራሱ ቆሞ ጠበቀው።