ስሙ ተገኘ፤ ሰውየውስ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሌላ ከተማ ነድታችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ ጥግ ይዛችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቡናው ገና አልደረሰም። እስኪደርስ እኔን ቻሉኝ።

ለአዲስ አባላት አንድ ነገር ላስቀድም። ማኅበራችን ፖይንት ፕሌዘንት በሚባል ቦታ የተዋጉትን የልጆቻችንን አያቶች የሚፈልግ ነው። ስለ እኛ ሲሰሙ ግር የሚላቸው አሉ። «እናንተ ሐበሾች ናችሁ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ቨርጂኒያዎች የተዋጉት ውጊያ ምን አገባችሁ?» ይሉናል። የሚያገባን በልጆቻችን በኩል ነው። ቨርጂኒያ መጣን፣ ተጋባን፣ ወለድን። የልጆቻችን አንደኛው ወገን ጎንደር ወይ መንዝ ወይ ወሎ ነው። ሌላኛው ወገን ከብሉ ሪጅ ተራሮች ማዶ የኖረ ነው። በእኛ በኩል አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን እስከ ሰባት ቤት እናስቆጥራቸዋለን። በሌላው በኩል «እነሱ እንኳ የድሮ አሜሪካኖች ናቸው» ብሎ መዝለል አያምርም። ባለቤቴ ይህንን ጠንከር አድርጋ ነግራኛለች፤ እኔም ሰምቻለሁ።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ውጊያው የተደረገው ኦክቶበር 10 ቀን 1774 ነው። ቦታው ፖይንት ፕሌዘንት ይባላል። ካናዋ ወንዝ ኦሃዮ ወንዝ ውስጥ የሚገባበት ጥግ ነው፤ ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ይገኛል። ጠቡ የመሬት ጠብ ነበር። በ1768 ፎርት ስታንዊክስ ላይ ኢሮኳ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከኦሃዮ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ለእንግሊዝ ፈርመው ለቀቁ። እዚያ የሚያድኑት ሌሎቹ ነባር ሕዝቦች፣ ሻውኒዎች፣ ግን አልፈረሙም፤ ማንም እንዲፈርምላቸውም አልወከሉም። ሰፋሪው ጎረፈ። በኤፕሪል 1774 መጨረሻ ላይ ሰፋሪዎች ሚንጎ የሚባሉትን ነባር ሕዝቦች የሚመራውን የሎጋንን ዘመዶች ገደሉ። ሎጋንም ደማቸውን ለመመለስ ተነሣ። የእንግሊዝ ንጉሥ የሾመው የቨርጂኒያ ገዢ ሎርድ ደንሞር በዚያው ዓመት ጦር አዘመተ።

ገዢው ራሱ በሰሜን በኩል ሄደ። ኮሎኔል አንድሩ ሉዊስ ደግሞ ዛሬ ሉዊስበርግ ከምትባለው ከተማ ተነሥቶ፣ 1,100 ያህል ሚሊሻ እየመራ፣ ዱቄት በፈረስ አስጭኖ፣ ከብት እያስነዳ ተራራውን አቋርጦ ወንዙ ዳር ሰፈረ። የሻውኒዎቹ መሪ ኮርንስቶክ ጦሩን በሌሊት ኦሃዮን አሻገረ። ጎሕ ሲቀድ ለአደን ከሰፈሩ የወጡ ሚሊሻዎች ከዚህ ጦር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተጠለሉ ተታኮሱ። የአዛዡ ወንድም ቻርልስ ሉዊስ ገና በጠዋቱ ተመትቶ ሞተ። ኮሎኔል ጆን ፊልድም ወደቀ። ኮሎኔል ዊልያም ፍሌሚንግ ክፉኛ ቆስሎ ተረፈ። ኮርንስቶክ ተኩሱን አልፎ በሚሰማ ድምፅ ወገኖቹን «በርቱ! በርቱ!» ይል ነበር፤ ይህን ጽፎ ያቆየልን በቨርጂኒያዎቹ በኩል የተዋጋው ጆን ስቱዋርት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ቡድን በክሩክድ ክሪክ በኩል ዞሮ ከጎናቸው ብቅ አለ። ሻውኒዎቹ አጋዥ ጦር የደረሰ መሰላቸው። ሲመሽ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። ከቨርጂኒያዎቹ 75 ያህል ሞቱ፤ 140 ያህል ቆሰሉ።

ስለ ተኩሱ ከዚህ በላይ አላወራም። ተኩሱን የሚወድ ሰው በምሳ ሰዓት ጋሽ ገንዘብ ያዣችንን ይጠይቅ፤ እስኪመሽ ያወራለታል።

የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። በየስብሰባው አንድ ሰው ብድግ ይልና «የልጆቼን አያት ከተዋጊዎቹ ዝርዝር ውስጥ አገኘሁት!» ይለናል። እናጨበጭባለን። ብዙ ጊዜ ግን የተገኘው ስሙ ነው። ሰውየው ገና አልተገኘም። ዘንድሮ ጭብጨባውን ትንሽ እንድናዘገየው ልጠይቃችሁ ነው።

እስቲ ያ ስም የተገኘበት ዝርዝር ምን እንደሆነ እንየው። ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ነው። የዘመቻው ሒሳብ ሳይዘጋ የአሜሪካ አብዮት ፈነዳ፤ ደንሞርም በ1775 ከዋና ከተማው ሸሸ። ዕዳው ቨርጂኒያ ላይ ቀረ። ተቆጣጣሪዎች ተሹመው ማን ስንት ቀን አገለገለ፣ ማን በሬ ሰጠ፣ የማን ፈረስ ጠፋ እያሉ መዘገቡ። ያ መዝገብ ዛሬ ሪችመንድ፣ ላይብረሪ ኦቭ ቨርጂኒያ ውስጥ አለ። የተዘጋጀው ደመወዝ ለመክፈል ነው። ጀግና ለመቁጠር ታስቦ አይደለም። ስለዚህ ስሙ የተጻፈ ሁሉ ፖይንት ፕሌዘንት ላይ አልዋለም። አንዳንዱ ከኋላ ቀርቶ ምሽግ ሲጠብቅ ነበር። አንዳንዱ ዱቄት ያመላልስ ነበር። የፊንካስል ካውንቲን ጦር የሚያዝዘው ኮሎኔል ዊልያም ክርስቲያን የደረሰው ውጊያው ካበቃ በኋላ፣ በማታ ነው። ከዚያው ካውንቲ ግን የኢቫን ሼልቢ ሰዎች ቀድመው ደርሰው ቀኑን ሙሉ ተዋግተዋል። የኢቫን ልጅ አይዛክ፣ በኋላ የኬንታኪ የመጀመሪያው ገዢ የሆነው፣ እዚያው መቶ አለቃ ነበር። እንግዲህ «የፊንካስል ሰው ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የማን ሻምበል ውስጥ ነበር? ጥያቄው ይህ ነው።

ካውንቲን ካነሣሁ አይቀር የብዙዎቻችንን ጊዜ የበላውን ነገር ልንገራችሁ። ፊንካስል የምትባል ከተማ አለች፤ ደስ የምትል ከተማ ናት። ሰው መኪናውን አስነሥቶ የፊንካስል ካውንቲን መዝገብ ፍለጋ ወደ እሷ ይነዳል። ከተማዋ ግን የቦተቶርት ካውንቲ ዋና ከተማ ናት። ፊንካስል ካውንቲ በ1776 መጨረሻ ፈርሶ ለሦስት ተከፍሏል፤ ኬንታኪ፣ ዋሽንግተን እና ሞንትጎመሪ። የቀረው መዝገቡ የሚገኘው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ ክርስቲያንስበርግ ነው። የኦገስታን ስትፈልጉ ደግሞ ስታንተን ሂዱ። ደንሞር ካውንቲ የሚባልም ነበረ፤ ገዢው ከተጠላ በኋላ ስሙ ተቀይሮ ሼነንዶዋ ሆነ። አያታችሁ ከቤቱ ሳይነቃነቅ ሦስት ካውንቲ ውስጥ ኖሮ ሊሆን ይችላል። መሬቱ የት ነበር ብላችሁ መዝገቡን በመሬቱ ተከተሉት።

ከዚያ ደግሞ የስም መመሳሰል አለ። በዚያ ጠረፍ ጆንና ዊልያም እንደ አሸዋ ነው። ሰነዱ ላይ «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» የሚል ስታገኙ አባትና ልጅ ናቸው ብላችሁ አትቸኩሉ። በዚያ ዘመን በአንድ ሰፈር ያሉ ሁለት ሞክሼዎችን ለመለየት ትልቁንና ትንሹን እንዲህ ይሏቸው ነበር። ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል። ትልቁ ሲሞት ትንሹ «ሲኒየር» ይሆናል! ኢንተርኔት ላይ ካሉት የዘር ሐረጎች ስንቱ በዚህ እንደተጣመመ እግዜር ይወቀው። አንዱ ተሳስቶ ይጽፋል፣ ሌላው ይገለብጣል፣ ብዙ ሰው ስለጻፈው እውነት ይመስላል።

ሥራው የሚጀምረው ከ1774 አይደለም። ከራሳችሁ ልጅ ነው። ከልደትና ከሞት ወረቀት ተነሥታችሁ ወደ ኋላ፣ አንድ ትውልድ በአንድ ትውልድ። እስከ 1850 ድረስ የሕዝብ ቆጠራው ይረዳችኋል፤ ነጻ የሆነ የቤተሰብ አባል ሁሉ በስሙ የተመዘገበው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት አባወራው ብቻ ይጻፋል፤ ሚስትና ልጆች ቁጥር ናቸው። የ1790ው የቨርጂኒያ ቆጠራ ጠፍቷል። በምትኩ ከ1782 ጀምሮ ያለው የግብር መዝገብ አለ። አሰልቺ ነው፣ ግን አይዋሽም። ወንድ ልጅ ለግብር ሲደርስ ብቅ ይላል፤ አባት ሲሞት ስሙ ይጠፋል፤ ግብሩ በሚስቱ ስም ይቀጥላል። ኑዛዜውንና የመሬት ውሉን ከጎኑ ስታስቀምጡ ቤተሰቡ መልክ እየያዘ ይመጣል።

የጡረታ ፋይልም ጥሩ ነው። በ1832 ኮንግረስ ለአብዮቱ ዘማቾች ጡረታ ሲፈቅድ፣ ሽማግሌዎቹ ፍርድ ቤት ቀርበው የት እንደተወለዱ፣ ማን እንዳዘዛቸው፣ የት እንደዋሉ በቃላቸው አስመዘገቡ። ፋይሎቹ እዚሁ አጠገባችን በናሽናል አርካይቭስ አሉ። ግን የ1774ቱ ዘመቻ አብዮቱን ስለቀደመ ለጡረታ አይቆጠርም። አንዳንዱ ሽማግሌ እግረ መንገዱን ያነሣዋል እንጂ። ፋይል የለውም ማለት አልዘመተም ማለት አይደለም። በ1774 አርባ ዓመት የሞላው ሰው 1832 ላይ ቀርቦ ይመስክር?

ዲኤንኤ አስመርምረን እንወቀው የምትሉ አላችሁ። አስመርምሩ፣ አይጎዳም። ግን ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ 128 ወላጆች አሉን። ከአንዱ የደረሰን ደም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያለ ወረቀት ብቻውን የትም አያደርስም።

አሁን ከባዱን ላንሣ። ከመካከላችን የጥቁር አሜሪካውያን አማቾች ያሉን ቤተሰቦች መንገዳችን ሌላ ነው። በ1850 እና በ1860 ቆጠራ በባርነት የነበረ ሰው የተመዘገበው በዕድሜና በፆታ፣ በጌታው ስም ሥር ነው። የራሱ ስም የለም። በስሙ የሚመጣው በአብዛኛው በ1870 ነው። ከዚያ በፊት የምናገኘው በጌታው ኑዛዜና በንብረት ዝርዝር ውስጥ፣ ከፈረሱና ከማረሻው ጋር ተጽፎ ነው። ማንበብ ያማል፤ ግን ስሙ እዚያ ነው ያለው። በ1778 ሉዊስበርግ አቅራቢያ የዶናሊ ምሽግ ሲጠቃ በሩ ላይ ቆሞ ከተከላከሉት አንዱ በባርነት የነበረው ዲክ ፖይንተር ነው። የእሱን ታሪክ ያወቅነው የምሽጉ ሰዎች ስላስታወሱት ነው። ሌሎቹን ያስታወሰ የለም።

ሴቶቹም እንዲሁ። ሪቻርድ ትሮተር ፖይንት ፕሌዘንት ላይ ሲሞት ሚስቱ አን ጠመንጃ አንሥታ የጠረፉ ቃፊርና መልእክተኛ ሆነች፤ አን ቤይሊ ተብላ የምትታወቀው እሷ ናት። የሌሎቹን ባልቴቶች ስም ግን በውርስ መዝገብና በሞግዚትነት ውል ውስጥ ፈልጉ። አባት የሞተበት ልጅ ሞግዚት ሲሾምለት የሟቹ ስም ይጻፋል። ስለሞቱት የተሻለ ማስረጃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ሻውኒዎቹስ? ፔሮል አልነበራቸውም። ሬሳቸውንም የቻሉትን ያህል ይዘው ሄደዋል፤ ስንት እንደሞቱ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ከሞቱት አንዱ ፑከሺንዋ ነው፤ በኋላ ስሙ የገነነው የሻውኒዎች መሪ የቴኩምሴ አባት። ኮርንስቶክ ራሱ ከውጊያው በኋላ ለሰላም የቆመ ሰው ነበር። በኖቬምበር 1777 እዚያው ፖይንት ፕሌዘንት ምሽግ ውስጥ ታግቶ እያለ ሚሊሻዎች ከነልጁ ገደሉት። ዛሬ የሻውኒ ልጆች በኦክላሆማ በሦስት ነገዶች ተዋቅረው ይኖራሉ። እነሱም አያቶቻቸውን ይቆጥራሉ። እኔ እንደሚመስለኝ የልጆቻችን ቅድመ አያት በዚያ ቀን ማንን እንደወጋ ሳንጽፍ፣ መዋጋቱን ብቻ ብንጽፍ ግማሹን ዋሽተናል።

ሌላ ደግሞ አለ። በቦታው የቆመው 84 ጫማ ሐውልት በ1909 ሲመረቅ፣ የከተማዋ ጋዜጣ አዘጋጅ ሊቪያ ሲምፕሰን ፖፈንባርገር ውጊያው «የአብዮቱ የመጀመሪያ ውጊያ» ነው ብላ ብዙ ደክማለች። አብዛኞቹ የታሪክ ምሁራን አይቀበሉትም፤ እኔም አልቀበለውም። የደንሞር መኮንኖች ከዘመቻው ሲመለሱ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1774 ፎርት ጋወር ላይ ባወጡት መግለጫ፣ ለአሜሪካ ነጻነት እንቆማለን ሲሉ ለንጉሥ ጆርጅ ታማኝነታቸውንም አረጋግጠዋል። የዘመቱት በንጉሡ ገዢ ትእዛዝ ነው። በብሮሹራችን ላይ ያለው «የመጀመሪያው ውጊያ» የሚለው ሐረግ እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንዳንዶቻችሁ እንደማትወዱት አውቃለሁ።

ሁለተኛው ሐሳቤ ግድግዳ ላይ የምንሰቅለውን የአያቶች ሰንጠረዥ ይመለከታል። እስካሁን ስም ይዞ የመጣ ሁሉ ይጻፍለታል። ከዘንድሮ ጀምሮ በየትውልዱ መካከል ሰነድ የሌለው ስም በእርሳስ ይጻፍ። ሰነዱ ሲሟላ በቀለም። ከቤተሰብ የተሰማ ተረት ይኑር፣ አንጥለው፣ ግን ተረት መሆኑ ከሥሩ ይጻፍ። የእኔ ቤት ስምም በእርሳስ ከሚገቡት አንዱ ነው፤ ባለቤቴ ግብር መዝገቡ ላይ ናት።

ሁለቱንም ሐሳቦች ከምሳ በኋላ ለድምፅ አቀርባለሁ። መቃወም የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ፤ ለእያንዳንዳችሁ አምስት ደቂቃ አለ። በዚህ የዘንድሮው ጉባኤ መከፈቱን እገልጻለሁ። እትዬ፣ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ያንብቡልን።