የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ካሜራን ቤት ውስጥ መቀባት

ጥያቄ፦ ብርማ መልክ ያለው የድሮ የፊልም ካሜራዬን ጥቁር ስፕሬይ ቀባሁት። በሳምንቱ በጥፍሬ ብነካው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ቀለሙ መጥፎ ነው?

መልስ፦ ቀለሙን አይውቀሱት። ጥፋቱ ከሥር ነው። የብዙ ድሮ ካሜራዎች የላይ ክዳን ከናስ ይሠራል፤ በናሱ ላይ ኒኬል፣ በኒኬሉ ላይ ክሮም ይለበጣል። ክሮም ልሙጥ ስለሆነ ቀለም የሚይዘው ነገር አያገኝም።

መጀመሪያ ክዳኑን ከካሜራው ይፍቱት፤ የላላውን ቀለም ልጠው ያንሡት። ከዚያ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እያስነኩ ያሹት። መብረቅረቁ ጠፍቶ ሁሉም ቦታ እኩል ሲደበዝዝ ይበቃል። በሳሙና ይጠቡት፤ ሲደርቅ በአልኮል ይጥረጉት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ እንዳይነኩት፤ የጣት ወዝ ብቻውን ቀለም ያስነሣል። ቀጥሎ ብረቱን በትንሹ የሚነክስ፣ ለናስ የሚሆን ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባ) ይቀቡ፤ በመጨረሻ ቀለሙን። አንዴ አወፍራለሁ ካሉ ይንጠባጠባል፤ ስስ ስስ አድርገው ይደራርቡ። አየር በሚገባበት ቦታ ይሥሩ፤ ለኬሚካል ጭስ የሚሆን ማስክም ያድርጉ።

ክሮሙን በኬሚካል ወይም በኤሌክትሪክ ጨርሶ ላንሣ ብለው ግን ቤት ውስጥ አይሞክሩ። ካንሰር የሚያመጣ የክሮም ውህድ ሊፈጠር ይችላል።

ጥያቄ፦ መፍታት እፈራለሁ። በስኮች ሸፍኜ ብቀባውስ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። የስፕሬይ ብናኝ በቀጭን ክፍተት ሁሉ ይገባል። እንዲህ የተቀባ ካሜራ ከፍቼ አይቻለሁ፤ የሹተሩ ጨርቅ (ፊልሙ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ደርቀው ጨርቁ ድርቅ ብሎ ነበር። ክዳኑን ይፍቱት፤ እያንዳንዱን ብሎን ሳያነሡ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ፍላሽ አብሮት የተሠራ ካሜራ ከሆነ ግን ለባለሙያ ይስጡት። ባትሪው ወጥቶም ቢሆን ካፓሲተሩ (ለፍላሹ ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ዕቃ) 300 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሌንሱ የሚገጥምበትን ቀለበት ደግሞ ቀለም አይንካው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው ኒኮን ኤፍ ካሜራ ከቀለበቱ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ላይ የቀለም ውፍረት ሲጨመር ፎከሱ ይዛባል።

ጥያቄ፦ የተቀረጹት ፊደላትስ? ሁሉም ጥቁር ሆኑብኝ።

መልስ፦ ይህ እኔ በጣም የምወደው ሥራ ነው። ጥቁሩ በደንብ እስኪጠነክር ሁለት ሦስት ሳምንት ይታገሡ። ከዚያ ነጭ የዘይት ቀለም በስቴኪኒ ጫፍ ወደ ፊደሉ ጎድጓዳ ያስገቡ፤ ቢፈስም ግድ የለም። ትንሽ ሲጠጥር ጨርቅ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ወጥረው ላዩን ብቻ ይጥረጉ። በጣትዎ ከጠረጉት ጨርቁ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ነጩን ይዞት ይወጣል። ጨርቁ ሲያልፍ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ብቅ ይላሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ የተዉልኝ ጥቁር ካሜራ ጠርዙ ተፍቆ ቢጫ ብረት ይታያል። አድሼ ልቀባው?

መልስ፦ እኔ ብሆን አልቀባውም። ቢጫው ናሱ ነው። የተፋቀው የአባትዎ ጣቶች ሲይዙት በኖሩበት ቦታ ነው። ካሜራው የሚሠራ ከሆነ ፊልም አስገብተው ያንሡበት።