የኮራል ሪፍ ጠለቃ እንዴት ይታቀዳል? ከመውጫው ጀምሩ

[ምስል፦ ከአየር ላይ የተነሳ ሪፍ። ፈዛዛው አረንጓዴ ውሃ በአንድ መስመር ላይ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል።]

ተራኪ፦ ይህ የቀለም ድንበር የሪፉ (ኮራሎች ባሕር ውስጥ የሠሩት አለታማ ክምር) ጠርዝ ነው። በዚህ በኩል ውሃው 3 ወይም 4 ሜትር ነው፤ ከጠርዙ ባሻገር ግን 30 ሜትርም ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። በስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር አዝሎ፣ ለመጥለቅ የመጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው “ስንት ሜትር እንወርዳለን?” ብሎ ነው። እኛ ግን ዕቅዱን ከሌላኛው ጫፍ እንይዘዋለን። የምንወጣው የት ነው? መውጣት ስንጀምርስ ሲሊንደሩ ውስጥ ስንት ባር (የግፊት መለኪያ) አየር መቅረት አለበት? እነዚህ ሁለቱ ሲታወቁ ጥልቀቱም፣ ሰዓቱም፣ የምንሄድበት አቅጣጫም ከዚያው ይወጣል።

[ምስል፦ ሰሌዳ። 0 ሜትር 1 ባር፣ 10 ሜትር 2 ባር፣ 20 ሜትር 3 ባር፣ 30 ሜትር 4 ባር።]

ከአየሩ እንነሳ። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ 1 ባር ገደማ ይጨምራል። ሬጉሌተሩ (አፍ ላይ የሚያዘው መተንፈሻ) ደግሞ አየሩን የሚሰጣችሁ ባላችሁበት ጥልቀት ግፊት ልክ ነው። ስለዚህ 20 ሜትር ላይ የምትስቡት አንድ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው አየር፣ ውሃው ላይ ሆናችሁ ከምትስቡት ሦስት እጥፍ ነው።

አንድ የተረጋጋ ጠላቂ ውሃው ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ይጠቀማል እንበል። የራሳችሁን ቁጥር ማግኘት ከባድ አይደለም። 10 ሜትር ላይ ጥልቀት ሳትቀይሩ 10 ደቂቃ በቀስታ ዋኙና ጌጁ (የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየው መለኪያ) ስንት ባር እንደቀነሰ መዝግቡ። ባለ12 ሊትር ሲሊንደር 35 ባር ቢቀንስ 420 ሊትር ተጠቅማችኋል ማለት ነው፤ በደቂቃ 42 ሊትር። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ 2 ባር ስለሆነ ለ2 ሲካፈል 21 ሊትር ይመጣል። ፍሰት ሲገጥማችሁ፣ ሲበርዳችሁ ወይም ስትደነግጡ ይህ ቁጥር በብዙ ይጨምራል።

[ምስል፦ ሁለት ጠላቂዎች ከአንድ ሲሊንደር እየተነፈሱ ቀስ ብለው ሲወጡ።]

አሁን የመውጫ መጠባበቂያውን እናስላ። የሚሰላው ለክፉ ቀን ነው፦ 18 ሜትር ላይ የጓደኛችሁ አየር አልቋል፤ ሁለታችሁም ከእናንተ ሲሊንደር ትተነፍሳላችሁ፤ ሁለታችሁም ደንግጣችኋል። ለእያንዳንዳችሁ በደቂቃ 30 ሊትር፣ ለሁለታችሁ 60 ሊትር ያዙ።

ችግሩን ለመፍታት 1 ደቂቃ 18 ሜትር ላይ ትቆያላችሁ። ግፊቱ 2.8 ባር ስለሆነ 168 ሊትር ይወስዳል። በደቂቃ 9 ሜትር ፍጥነት መውጣት 2 ደቂቃ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለው አማካይ ግፊት 1.9 ባር ስለሆነ 228 ሊትር። ከዚያ 5 ሜትር ላይ የ3 ደቂቃ የደህንነት ቆይታ አለ፤ እሱ 270 ሊትር። ሲደመር 666 ሊትር። ባለ12 ሊትር ሲሊንደር ላይ 55 ባር ከምናምን ነው፤ 60 በሉት።

በየጀልባው የሚሰማው “በ50 ባር ውጡ” የሚለው ትእዛዝ እዚህ ላይ ይፈርሳል። በስንት ሊትር ሲሊንደር? ከስንት ሜትር? ያንኑ ስሌት በ30 ሜትር ስትሠሩት፣ መውጫውን 4 ደቂቃ አድርጋችሁ፣ ውጤቱ 1,110 ሊትር ነው፤ ወደ 95 ባር ይጠጋል። 30 ሜትር ላይ 50 ባር የያዘ ሰው ብቻውን ከሆነ ምናልባት ይወጣል፤ ለሁለት ግን አይበቃም።

የቀረው ቀላል ነው። ሲሊንደሩ 200 ባር ከሆነና 60ውን ካስቀመጣችሁ 140 ባር፣ ማለትም 1,680 ሊትር ለጉብኝቱ ይቀራል። 18 ሜትር ላይ በደቂቃ 56 ሊትር ስለምትጠቀሙ 30 ደቂቃ ታገኛላችሁ። በ12 ሜትር ጥልቀት ግን ያው አየር 38 ደቂቃ ይዘልቃል። በ30 ሜትር 95ቱን አስቀምጣችሁ 105 ባር ይተርፋል፤ እሱም 16 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

[ምስል፦ የዳይቭ ኮምፒውተር ገጽ።]

ይህን ከናይትሮጅን ገደብ ጋር፣ ማለትም ከምንተነፍሰው አየር የሚገባው ናይትሮጅን በሰውነት ውስጥ ሳይበዛ ታች መቆየት ከሚቻልበት ጊዜ ጋር አስተያዩት። በሰፊው የሚሠራበት የፓዲ (የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት) ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጠለቃ የሚፈቅደው ጊዜ በ18 ሜትር 56 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር 20 ደቂቃ ነው። በሁለቱም ጥልቀት ቀድሞ የሚያልቀው አየሩ ነው። የቀረውን ደቂቃ በሚያሳየው የዳይቭ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ደቂቃ ስላያችሁ አትዘናጉ፤ ኮምፒውተሩ ከሲሊንደሩ ጋር ካልተገናኘ ስለ አየራችሁ የሚያውቀው ነገር የለም። በዚያው ቀን ሁለተኛና ሦስተኛ ጠለቃ ላይ ግን በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ገደቡን ስለሚያሳጥረው ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል።

[ምስል፦ የሪፉ ንድፍ ከጎን፤ ቀስቶች የውሃውን ፍሰት ያሳያሉ።]

ወደ ፍሰቱ እንለፍ። ጀልባው መልሕቅ ጥሎ የሚጠብቅ ከሆነ ወይም ከባሕር ዳር የምትገቡ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ፍሰቱን ተቃውሞ የሚሄድ ይሁን፤ ስትመለሱ ውሃው ራሱ ይገፋችኋል። ከ140 ባሩ ግማሹ 70 ስለሆነ ጌጁ 130 ሲያሳይ ትዞራላችሁ። ከሁለታችሁ መጀመሪያ 130 የደረሰው ለሁለቱም ይወስናል። ጀልባው እናንተን የሚከተል ከሆነ መመለስ የለም፤ ከፍሰቱ ጋር ትሄዳላችሁ። ያኔ የጀልባው ነጂ የት እንደምትወጡ ማወቅና ውሃው ላይ አረፋችሁን መከታተል አለበት።

በሪፉ መካከል የሚያልፍ መተላለፊያ ካለ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሳታዩ አትግቡ። ውሃው ሲሞላ ከውቅያኖሱ የጠራ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲጎድል ደግሞ ከውስጠኛው ሐይቅ አሸዋና ደለል ይዞ ይወጣል፤ እናንተንም ወደ ሰፊው ባሕር ይገፋል። አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፦ የሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ የሚነግራችሁ ውሃው መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንደሚል እንጂ ፍሰቱ መቼ እንደሚቆም አይደለም። በሪፉ አናት ላይ አልፎ የገባው ውሃ መውጫው ጠባብ ስለሆነ፣ ውጭ ያለው ባሕር ዝቅታውን ካለፈ በኋላም ገና ሊፈስ ይችላል። የዚያን መተላለፊያ የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ከሰንጠረዡ በላይ ይጠቅማችኋል።

ውሃ ውስጥ ፍሰቱን ዓሣዎቹ ይነግሯችኋል። ትንንሾቹ በመንጋ ሆነው አፋቸውን ወደሚመጣው ውሃ ያዞራሉ። ግድግዳ አጠገብ አረፋችሁ ወደ ላይ በመሄድ ፈንታ ወደ ታች ከሄደ፣ ውሃው ቁልቁል እየወረደ ነው። ወደ ላይ አትታገሉ፤ ከግድግዳው ወደ ጎን ርቃችሁ ከፍሰቱ ውጡ። ለመንሳፈፍ፣ በአየር የሚነፋው ጃኬታችሁ ውስጥ አየር ከጨመራችሁ፣ ከፍሰቱ እንደወጣችሁ ወዲያው ልቀቁት፤ አለበለዚያ ያው አየር ሳትፈልጉ ሽቅብ ያስፈነጥራችኋል።

ስለ ሰዓቱ ብዙ የሚባል የለም። ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ የዞረ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ያገኛል።

[ምስል፦ ጠላቂ ከ18 ሜትር ጀምሮ በሪፉ ተዳፋት ሽቅብ እየዞረ ወደ 5 ሜትር ሲደርስ።]

የጉዞው ቅርጽ ቀድሞ ጥልቁ፣ ከዚያ ሽቅብ ነው። ለዚህ ሪፍ የተመቸ ነው፤ ተዳፋቱን ተከትላችሁ በዝግታ ስትወጡ የ5 ሜትሩ ቆይታ ሪፉ አናት ላይ ይውላል። ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ስለሚጠፋ ኮራሉ በእውነተኛ ቀለሙ የሚታየው እዚያ ነው። ብዙ ጠላቂ ግን ጥልቁ ላይ አየሩን ጨርሶ እዚህ ሲደርስ ጊዜ አይኖረውም።

[ምስል፦ ቅርብ ዕይታ። የጠላቂ እግር መቅዘፊያ ጫፍ ቅርንጫፋማ ኮራል ሊነካ ሲል።]

አሁን ክብደት፣ ማለትም ለመስመጥ በቀበቶ የሚታጠቀው እርሳስ። ኮራል ሕያው እንስሳ ነው፤ አጽሙን የሸፈነው ሥጋ ስስ ስለሆነ መነካት ብቻ ይጎዳዋል። ኮራል የሚሰብሩ ጠላቂዎች ሁሉ ግድየለሾች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከሚገባው በላይ ክብደት የታጠቁ ናቸው። ክብደት የበዛበት ሰው ላለመስመጥ ጃኬቱን ይነፋል። የተነፋው ጃኬት ደረቱን ወደ ላይ፣ ቀበቶው ደግሞ ዳሌውን ወደ ታች ይስባል። እግሩ ይንጠለጠላል፤ በቀዘፈ ቁጥር መቅዘፊያው ሪፉን ይመታል። “እግርህን ከፍ አድርግ” ቢባል ምን ይጠቅማል? ቀበቶው ካልተቀነሰ እግሩ ተመልሶ ይወርዳል።

ልኩን የምታውቁት ሙሉ ትጥቅ ለብሳችሁ፣ ሲሊንደሩ 50 ባር ገደማ ሲቀረው ነው። ጃኬቱን ባዶ አድርጋችሁ መደበኛ ትንፋሽ ይዛችሁ ስትቆሙ ውሃው ዓይናችሁ ልክ ላይ መድረስ አለበት፤ ስታስወጡ ቀስ ብላችሁ ትሰምጣላችሁ። ሙከራውን በሙሉ ሲሊንደር ካደረጋችሁት 2 ኪሎ ገደማ ጨምሩ፤ 12 ሊትር በ200 ባር ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ብቻ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናልና ሲያልቅ ትቀላላችሁ። በመዋኛ ገንዳ የለካችሁትም ለባሕር አይሆንም፤ ጨዋማው ውሃ ይበልጥ ስለሚያንሳፍፍ ተጨማሪ ያስፈልጋል። የጌጁን ቱቦና መጠባበቂያ ሬጉሌተሩንም ደረታችሁ ላይ እሰሩ፤ ተንጠልጥለው ኮራሉን የሚጠርጉት እነሱ ናቸው።

[ምስል፦ የጌጅ መርፌ፣ በጣም ቀርቦ።]

ከመግባታችሁ በፊት የትጥቅ ፍተሻ አለ። ከሁሉ የምናስበልጠው ይህንን ነው፦ ዓይናችሁን ጌጁ ላይ ተክላችሁ ከሬጉሌተሩ አራት አምስት ጊዜ በኃይል ሳቡ። መርፌው ጸጥ ካለ ቫልቩ ክፍት ነው። በሳባችሁ ቁጥር ወደ ታች እየዘለለ ከተመለሰ ቫልቩ የተከፈተው በጥቂቱ ነው። ውሃው ላይ ምንም ችግር ሳይሰማችሁ 20 ሜትር ላይ ግን አየሩ ያጥርባችኋል። አየሩ የዘይት ወይም የጭስ ሽታ ካለው ሲሊንደሩን መልሱት፤ ሲሊንደሩን የሞላው ማሽን (ኮምፕረሰር) የሞተር ጭስ ስቦ ሊሆን ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ራሱ ሽታ የለውም። ቫልቩ አጠገብ የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማችሁ ኦሪንጉን (አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት) አውጥታችሁ እዩት፤ ከተሰነጠቀ ይቀየር።

[ምስል፦ ታይታን ትሪገርፊሽ በጎጆው ላይ ሲዞር።]

ሪፉ ላይ የሚያሰጋችሁ ሻርክ ሳይሆን ይህ ዓሣ ሊሆን ይችላል። እንቁላሉን የምትጠብቅ ታይታን ትሪገርፊሽ የምትከላከለው ክልል ከጎጆዋ ጀምሮ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ መሸሽ ይበልጥ ወደ ክልሏ ያስገባል። በጎን ሽሹ፤ መቅዘፊያችሁን በእናንተና በእሷ መካከል አድርጉ። ድንጋይ መስሎ በሚተኛው ስቶንፊሽ ወይም በላየንፊሽ እሾህ የተወጋ ሰው ደግሞ ከውሃ ወጥቶ የተወጋው ቦታ ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይነከርለት፤ ሕመሙን ያበርዳል። ሙቀቱን ግን ባልተወጋ እጅ ለኩት፤ ከዚያም ሐኪም ይየው።

[ምስል፦ ብርቱካናማ ረጅም ምልክት ውሃው ላይ ሲቆም።]

ከጓደኛችሁ ከተለያያችሁ ከ1 ደቂቃ በላይ አትፈልጉ፤ ሁለታችሁም ወጥታችሁ ላይ ተገናኙ። ይህንን ከመግባታችሁ በፊት ካልተስማማችሁ አንዱ ሲወጣ ሌላው ታች ሲፈልግ አየር ያልቃል። የሚነፋ ምልክትና ፊሽካ ሁለታችሁም ያዙ፤ ሞገድ ባለበት ባሕር ላይ የሰው ጭንቅላት ከጀልባ አይታይም።

ጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩን፣ ቅርቡ የግፊት ሕክምና ክፍል የት እንደሆነ ሳትነሱ ጠይቁ። ስትመለሱ ቆጠራው በየስም ይሁን፤ እያንዳንዱ ራሱ “አለሁ” ይበል። በጥር 1998 በአውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ አንድ ጀልባ ሁለት ጠላቂዎችን ባሕር ላይ ትቶ ተመለሰ፤ ቆጠራው ተሳስቶ ነበር። ሁለቱም ዳግም አልተገኙም።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ፤ የመጨረሻው ጠለቃና የበረራው ሰዓት ምልክት ተደርጎባቸዋል።]

በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ሳይወጣ መብረር ስለሚያሰጋ፣ የመጨረሻውን ጠለቃ ቀን ከበረራው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከናይትሮጅን ገደቡ ሳይወጡ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ትኬቱ አስቀድሞ ከተቆረጠ የሚሰረዘው ጠለቃው ነው። በመኪና ወደ ተራራ መውጣትም እንደ በረራ ይታያል፤ ምክሩ የተሰጠው ከባሕር ጠለል 600 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ላለው የአየር ግፊት ነውና።