የአክስቴ ብልቃጥ፦ ቫይታሚን ዲ እና ደም ብዛት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ፣ ከጎንደር ነው የማወራችሁ፣ ነሐሴ ስለሆነ ከኋላ የምትሰሙት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፣ እሱን ዝም ማሰኘት አልችልም ታገሱኝ።

የማወራው ስለ ቫይታሚን ዲ እና ስለ ደም ብዛት ነው። ሰሞኑን በየሄድኩበት ቡና ወሬው እሱ ሆኗል። ድሮ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሽቶና ጫማ ነበር የሚያመጣው አይደል፣ አሁን ሻንጣው ሲከፈት ግማሹ ቫይታሚን ነው። ባለፈው አክስቴ ጋ ማራኪ ሰፈር ሄድኩና ረከቦቱ አጠገብ ሁለት ነገር ተቀምጦ አየሁ፣ አንዱ ግማሹ ያለቀ የአምሎዲፒን ስትሪፕ፣ የደም ብዛት ክኒኗ ማለት ነው፣ ሌላው ደግሞ ትልቅ ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ ላዩ ላይ ዲ3፣ 5,000 ዩኒት ይላል። ምንድነው ይኼ አክስትዬ ስላት፣ "የደም ብዛት ነው አሉኝ፣ ያኛው እግሬን እያሳበጠ ስላስቸገረኝ እሱን ትቼ በዚህ ልያዝ ብዬ ነው" አለችኝ። ማን አለሽ ስላት ደግሞ "ልጄ ነች የላከችልኝ፣ እዛ ሀገር ሁሉም ነው አሉ የሚውጠው" አለች።

እንግዲህ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ፒያሳ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከያዘኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ፋርማሲ የምትሠራ ጓደኛዬን እያስቸገርኩ ጥናቶቹንም እያነበብኩ ነው የሰነበትኩት። የሚገርመው ወሬው ከመሬት ተነስቶ የተፈጠረ አይደለም። ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ያለ ሰዎች የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ይኼ በብዙ ሀገር በተደጋጋሚ የታየ ነው። ለምን ቢባል ደግሞ ጥሩ መላምት አለው። ኩላሊታችን ሬኒን የሚባል ነገር ያመነጫል፣ ሬኒን በዛ ማለት አንጂዮቴንሲን የሚባለው ይበዛል፣ እሱ የደም ሥር ያጠብባል፣ ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ግፊት ይወጣል። ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ክኒናችሁ የሚሠራው እዚሁ መስመር ላይ ነው። በፈረንጆቹ 2002 የወጣ የአይጥ ጥናት ላይ ቫይታሚን ዲ መቀበያ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ሬኒናቸው በጣም ጨምሮ ግፊታቸውም ወጥቶ ተገኘ። በቃ ሁሉም ሰው እሽ አለ፣ ቫይታሚን ዲ ሬኒንን የሚቆጣጠር ከሆነማ ያነሰውን ሰው ብንሞላለት ግፊቱ ይወርዳል ተባለ።

ያምራል እኮ! እኔም ሳነበው አምኜ ነበር ልቀር።

ግን ሰው ላይ ሲሞከር እንደዛ አልሆነም። 2015 ላይ የወጣ ዴይላይት የሚባል ጥናት አለ፣ አሜሪካ የተሠራ፣ 534 ሰው፣ ሁሉም ቫይታሚን ዲያቸው ያነሰ ግፊታቸው ደግሞ መውጣት የጀመረ ወይም ትንሽ የወጣ፣ ገና መድኃኒት ያልጀመሩ። ግማሹ በቀን 4,000 ዩኒት ግማሹ 400 ዩኒት እየወሰደ ስድስት ወር ቆየ፣ ግፊቱም 24 ሰዓት ሙሉ በሚለካ መሣሪያ ነው የታየው። ልዩነት የለም። በዛው ዓመት 46 ሙከራዎችን ሰብስበው አንድ ላይ ያዩ ሰዎችም ግፊት ላይ ለውጥ አላገኙም። ከዛ በኋላ ቫይታል የሚባለው ትልቁ ጥናት መጣ፣ 25,871 ሰው፣ በቀን 2,000 ዩኒት፣ ዓመታት የፈጀ፣ የልብ ድካምም ስትሮክም አልቀነሰም ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ለሌላኛውም ወገን አንድ ነገር አለ፣ 2014 ላይ በዘር የሚወረስ ነገር አይተው ቫይታሚን ዲያቸው በተፈጥሮ ከፍ የሚል ሰዎች ደም ብዛት ትንሽ ያንስባቸዋል ያሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ ስለዚህ ግንኙነቱ ጭራሽ ዜሮ ነው ብዬ አልምልም። ክኒኑ ግን ግፊት አያወርድም፣ እዚህ ላይ ነው የማልለቃችሁ።

ታዲያ ለምንድነው ሁለቱ አብረው የሚገኙት? እስቲ አስቡት፣ ቫይታሚን ዲው የሚያንሰው ማን ነው? ቤት የሚውል ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ወፈር ያለ ሰው ምክንያቱም ቫይታሚኑ ስብ ውስጥ ይደበቃል፣ በሽተኛ ሰው፣ ያረጀ ሰው። ደም ብዛት የሚይዘውስ ማን ነው? እነዚሁ ናቸው እኮ! በእግሩ ከአዘዞ መንገድ ሲመላለስ የሚውል ሰውዬ ፀሐዩንም ያገኛል እንቅስቃሴውንም ያገኛል፣ እኔ ቢሮ ተወዝፌ ሁለቱንም አጣለሁ። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቫይታሚን ዲ ብዙ ጊዜ አኗኗራችንን ነው የሚናገረው፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በክኒን ብናስተካክለው አኗኗራችን የት ይሄዳል።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር ልንገራችሁ ደግሞ። 1998 ላይ 18 ሰዎች ላይ የተሠራ ትንሽዬ ሙከራ ነበር፣ በአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር፣ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ በሚያመርትበት የፀሐይ ጨረር ዓይነት ማለት ነው፣ ለስድስት ሳምንት ሲሞቁ ግፊታቸው በ6 ነጥብ ወረደ። እና ሰው ሁሉ አይ ቫይታሚን ዲ ነው አለ። ከዛ ኤደንብራ ያለ የቆዳ ሐኪም ሪቻርድ ዌለር የሚባል ከነባልደረቦቹ በ2014 ምን አሳየ መሰላችሁ፣ ቫይታሚን ዲ የማያመርተው ጨረር፣ አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለው፣ ቆዳ ውስጥ ከተቀመጠው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያስለቀቀ የደም ሥር ያሰፋል፣ ግፊትም ለጊዜው ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ይኼ ከሆነ ፀሐይዋ ለግፊት ብትጠቅም እንኳን የምትጠቅመው በብልቃጥ በማይገባ መንገድ ነው ማለት ነው። ይቺን ለአክስቴ ስነግራት "ፀሐይማ ድሮም የእግዜር ናት" አለችኝና ቡናዋን ቀዳች።

ወደኛ ሀገር ስመጣ ነገሩ ያስቃል ያሳዝናልም። የ13 ወር ፀጋ እያልን ነው ያደግነው፣ ጎንደር ደግሞ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐይዋ ትለበልባለች። ግን አዳማና ዙሪያዋ ያሉ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተሠራ በ2015 የወጣ ጥናት ከአስሩ አራቱ ቫይታሚን ዲ እንደሚያንሳቸው አገኘ፣ ከተሜዎቹ ደግሞ ከገጠሮቹ በጣም ብሰው ተገኙ። ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚኑን ለማምረት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ በነጠላ በጋቢ ተጠቅልለን ጥላ ጥላውን ነው የምንሄደው፣ በመስኮት ገብታ የምታሞቀን ፀሐይም ለዚህ ጉዳይ አትረባም ምክንያቱም አልትራቫዮሌት ቢውን መስታወቱ ያስቀረዋል። ገና 1 ሰዓት ላይ ብቅ የምትለዋም ሙቀት እንጅ ያን ያህል ቫይታሚን የላትም፣ ጥላችሁ ከቁመታችሁ አጠር ሲል ነው ጨረሩ የሚበረታው። (ሕፃን ልጅ ቀትር ላይ አስጡ አላልኩም እንዳትሰድቡኝ።) ከምግብም ብዙ አናገኝም፣ ቫይታሚን ዲ ያለው ቅባት ያለው አሳ፣ እንቁላል፣ ጉበት ምናምን ውስጥ ነው፣ ፆሙን ስትቆጥሩት የዓመቱ ግማሽ አካባቢ እነሱ የሉም።

ስለዚህ ቫይታሚን ዲ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፣ እንደዛ እንዳይሰማ። ለአጥንት የግድ ነው፣ ሲያንስ ሕፃን ልጅ እግሩ ይቆለመማል፣ ሪኬትስ የሚሉት፣ ጡት ለሚጠባ ልጅ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ የሚታዘዘውም ለዛ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 600፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ 800 ዩኒት ይበቃል ነው የሚባለው። ያለ ሐኪም ደግሞ ከ4,000 ማለፍ የለበትም። የአክስቴ ብልቃጥ 5,000 ነው፣ እሱንም "ሲመቸኝ ሁለት እወስዳለሁ" ብላኛለች!

ይኼ ቀልድ ስላልሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፣ ጥም፣ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት፣ የኩላሊት ጠጠር ይመጣል፣ የበዛ ካልሲየም ራሱ ደግሞ ግፊት ያወጣል፣ ልታወርድ ብላ ልታወጣው ነው ማለት ነው። በተለይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የምትወስዱ፣ ያቺ ሽንት የምታሸናዋ የግፊት ክኒን፣ እሷ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ትይዘዋለች፣ ላዩ ላይ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም በብዛት ከጨመራችሁበት ይከማቻል። እኛ ቤት የአጎቴ ክኒን እሷ ነች እና ብልቃጡ እዛው ረከቦት አጠገብ ለመጣ ሁሉ ሲታደል ሳይ ነው የደነገጥኩት።

የአክስቴ እግር ማበጥ ደግሞ የራሷ ፈጠራ አይደለም፣ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፣ የታወቀ ነው፣ መፍትሔው ግን ተመልሶ ለሐኪሙ መንገር ነው፣ መጠኑን ይቀንሳል ወይ በሌላ ይቀይረዋል። በድብቅ ማቋረጥ ነው አደጋው፣ ምክንያቱም ግፊት ሲወጣ አያምም፣ ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ነው አንድ ጎኑ የሚያዘው።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የገረመኝ ግን ከቡናው በፊት የበላነው ምሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አክስቴ ስትሠራ አየኋት፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም ሲፈጭ ገብቶበታል፣ ድስቱ ሲንተከተክ ደግሞ ቀመሰችና "አልጣፈጠም" ብላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨመረች፣ ከዛ ዳቦ ቆሎው መጣ፣ እሱም ጨው አለው። ስለ ጨው ሳነሳባት ተቆጣች፣ "ጨው የሌለው ወጥማ የሆስፒታል ነው" አለች። ስለ ቫይታሚኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ በደስታ ነው ያወራችኝ፣ ምክንያቱም ቫይታሚን ከሩቅ መጥቶ የሚጨመር ነገር ነው፣ ጨው ግን ከድስቷ የሚቀነስ ነው፣ መቀነስ ማን ይወዳል።

ለማንኛውም ተስማምተናል ማለት ይቻላል። አምሎዲፒኑን እስኪቀየርላት ቀጥላለች፣ ማክሰኞ አብረን ጤና ጣቢያ ልንሄድ ነው፣ ብልቃጡንም ይዘን ሄደን እናሳያቸዋለን፣ ግፊቷም እዛው ይለካል። ጨው ላይ ገና ድርድር ላይ ነን፣ የሚቀጥለው በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ሳይገባበት ይፈጭ ብያታለሁ፣ ወጡ ላይ ብቻ ጨምሪ ብያታለሁ፣ "አስብበታለሁ" ነው ያለችኝ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ብልቃጥ ካለ ጀርባውን አዙራችሁ ዩኒቱን አንብቡት፣ ከየትኛው ክኒን ጋር እንደምትወስዱትም ለፋርማሲ ባለሙያ ንገሩ። በሉ ቻው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ አለኝ።