የብርሃን ገመድ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንዴት ሰነበታችሁ? ከጅማ ነው የማወራችሁ። ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። ከድምፄ ጀርባ የሚሰማችሁ የቤታችን ቆርቆሮ ነው።

ዛሬ ስለ ፊዚክስ ወርድ ፕሮብሌም ላወራ ነው። ያ በአረፍተ ነገር የሚመጣው ጥያቄ። ፎርሙላውን ሁሉ በቃሉ የያዘ ልጅ እሱ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ዝምታ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጥያቄው ሁለት ዕቃዎች በ«ላይት ስትሪንግ» ታስረው በ«ስሙዝ ፑሊ» (ገመድ በሚያልፍበት ተሽከርካሪ) ላይ ተንጠልጥለዋል ይላል። «ፎርሙላውን ተይውና መጀመሪያ ታሪኩን ንገሪኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ቲቸር፣ የብርሃን ገመድ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ ልቤ ተነካ። ልጅቷ እኮ አልተሳሳተችም። ላይት ማለት ብርሃን ነው ተብላ ነው የተማረችው። እዚህ ግን «ቀላል» ማለት ነው። ቀላል ብላ ብትተረጉመውም ገና ግማሽ መንገድ ነው። የፊዚክሱ ቀላል «የገመዱን ክብደት እርሺው፣ ዜሮ አድርጊው» የሚል ትዕዛዝ ነው። ስሙዝም እንደዚያው። ለስላሳ ማለት ብቻ አይደለም፣ ሰበቃ የለም ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ የገመዱ ውጥረት በዚህም በዚያም በኩል እኩል ነው እያሉሽ ነው። የጥያቄው ትልቁ መረጃ እሱ ነው። ግን በቁጥር አልተጻፈም።

እዚህ ጅማ አብዛኛው ልጅ ቤቱ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ያ እንግሊዝኛ ራሱ ሌላ እንግሊዝኛ ነው። «ፍሮም ሬስት» ሲል ስለ እረፍት እያወራ አይደለም፣ መነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው እያለ ነው። «ኮንስታንት ቬሎሲቲ» (የማይለወጥ ፍጥነት) ሲል አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን፣ ዜሮ ነው፣ ጉልበቶቹም ተጣፍተዋል እያለ ነው። እነዚህን ዜሮዎች ማንም ቁጥር አድርጎ አይሰጥህም። ከቃሉ ውስጥ ፈልፍለህ ነው የምታወጣቸው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ነው። ድንጋይ ከ20 ሜትር ከፍታ ተለቀቀ፣ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ነበር። መነሻው ዜሮ ብዬ ጻፍኩ፣ ልክ ነው። መጨረሻውንም ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። መሬት ላይ ሲደርስ ይቆማል ብዬ ነዋ! ሰዓቱን ለማግኘት ስሠራው ዜሮ ሰከንድ መጣ። ዶርም ውስጥ ቁጭ ብዬ የስሌት ስህተት ስፈልግ ብዙ ቆየሁ። ስሌቱ ምንም አልነበረበትም። ያበላሸሁት ታሪኩን ነው። ድንጋዩን የሚያቆመው መሬቱ ነው፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው። የጥያቄው ታሪክ የሚያልቀው መሬቱን ሊነካ አንድ ፀጉር ሲቀረው ነው። እዚያ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር ነው፤ 2 ሰከንድ ይፈጅበታል። (የመሬት ስበትን 10 ብለን ነው።) አንድ ሰው «ታሪኩ የት ያልቃል?» ብሎ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት እተኛ ነበር።

ለዚህ ነው «ጊቨን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን» (የተሰጠ፣ የተጠየቀ፣ መፍትሔ) የምንለው አሠራር የሚያሳስበኝ። አሠራሩ መጥፎ አይደለም። የምንጀምረው ግን ቶሎ ነው። ልጁ ሳያነብ ቁጥር መልቀም ይጀምራል። 1200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትሩን በ7 ሰዓት ቢሄድ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ብላችሁ ስጡት። 50 ነው፣ አለቀ። ግን 1200ውን የት እንደሚያስገባው ሲጨነቅ ታዩታላችሁ። የተሰጠ ቁጥር ሁሉ መግባት አለበት ብሎ ያምናል።

በ1981 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሚሼሊን ቺ እና ባልደረቦቿ ናቸው የሠሩት። ጀማሪዎችንና በፊዚክስ የገፉ ሰዎችን የፊዚክስ ጥያቄዎችን በየዓይነታቸው መድቡ አሏቸው። ጀማሪዎቹ ተዳፋት ያለበትን ከተዳፋት፣ ፑሊ ያለበትን ከፑሊ ጋር አደረጉ። የገፉት ግን ይህ የኢነርጂ ጥበቃ ነው፣ ያ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው እያሉ መደቡ። አንዱ ዕቃውን ያያል፣ ሌላው ታሪኩን።

ታሪኩን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መርካቶ በኩል ስታልፉ 60 ኪሎ ቡና ትከሻው ላይ አድርጎ የሚሄድ ሰው ታያላችሁ። ሜዳ ላይ በእኩል ፍጥነት ሲራመድ ጆንያው ላይ የሠራው ሥራ በፊዚክስ ዜሮ ነው። ይህን ስላት ያቺው ተማሪ ተቆጣች። «ላቡ እየወረደ?» አለች። ቁጣዋን ወደድኩት። ላቡ እውነት ነው፣ ጡንቻው ውስጥ ኢነርጂ እየነደደ ነው። የፊዚክሱ «ሥራ» ግን ጠባብ ቃል ነው። ጉልበቱ ወደ ላይ ነው፣ ጉዞው ወደ ፊት። ያንኑ ጆንያ 1.2 ሜትር ከፍ አድርጎ አይሱዙ ላይ ሲጭነው ግን 720 ጁል ሥራ ሠራ። ሰውዬው ያው፣ ጆንያው ያው። የተለወጠው አቅጣጫው ነው።

አሁን እኛ ጋ ደንቡ እንዲህ ነው። ብዕር ይቀመጣል። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይነበባል። ከዚያ ልጁ በሚቀለው ቋንቋ ይተርከዋል። በአፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ። ስዕል ይስላል፣ ቀስት ያደርጋል። ቁጥር ከዚያ በኋላ ነው።

ትናንት ያቺ ተማሪ ብርቱካን ወደ ላይ የሚወረወርበት ጥያቄ ይዛ መጣች። ጥሩ አድርጋ ተረከችው። «ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል፣ ፍጥነቱ ዜሮ» አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ዜሮ ማደን ለምዳለችና ከጎኑ አክስለሬሽኑንም ዜሮ ብላ ጻፈች።

አላረምኳትም። «እስቲ ታሪኩን ቀጥይ። ከዚያስ?» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። ጣሪያውን አየች። ቆየች።

«እንዴ ቲቸር፣ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑማ ብርቱካኑ እዛው አየር ላይ ይቀራል» አለችና ሁለተኛውን ዜሮ ሰረዘችው።