ልጆቻችንን ሚዛን ላይ ማሰለፍ ይብቃ

የተከበራችሁ የክለብ ኃላፊዎች፣ አሠልጣኞች፣ ወላጆች፣ እንዲሁም ውድ አትሌቶች፣

የአዲሱን የውድድር ዓመት ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ስለ አትሌት አመጋገብ እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ የምግብ ዓይነቶችን ከነጥቅማቸው እንድዘረዝር እንደጠበቃችሁ አውቃለሁ። ከዚያም ጥቂቱን እላለሁ። ይሁንና አብዛኞቻችሁ በሱሉልታና በሰንዳፋ ሜዳ አብረን ዓመታት ያሳለፍን በመሆናችሁ፣ ሁላችንም እያየነው ጆሮ ዳባ ልበስ ያልነውን አንድ ጉዳይ ዛሬ በግልጽ ማንሳት እፈልጋለሁ። ሴት ልጆቻችን እየተራቡ ነው የሚሮጡት፤ ብዙዎቹም የሚራቡት የሚበሉት አጥተው ሳይሆን እንዳይበሉ ስለተነገራቸው ነው።

አንዲት የ17 ዓመት የ5,000 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። በነበረችበት ክለብ ዘወትር ቅዳሜ ከረጅም ሩጫ በፊት ልጃገረዶቹ ተሰልፈው በጓደኞቻቸው ፊት ይመዘናሉ፤ አሠልጣኙም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብባል። ይህች ልጅ ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ውኃ አትቀምስም ነበር። ተራዋ ሲደርስ ካልሲዋን ታወልቃለች፣ የጆሮ ጌጧን ፈትታ ለጓደኛዋ ታስይዛለች፣ ከዚያ ትንፋሿን ውጣ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። 46 ኪሎ ስትሆን «ጎሽ» ተባለች፤ 43 ስትገባ ለሌሎቹ አርአያ ተደርጋ ቀረበች። የወር አበባዋ ከቀረ ግን ዓመት አልፎት ነበር። እናቷ ተጨንቀው ሲጠይቁ፣ ሩጫው ነው፣ ሰውነቷ ለስፖርቱ ተስተካክሎ ነው የሚል መልስ ተሰጣቸው። ቆይቶ ቅልጥሟን ያማት ጀመር፤ ትታሽ ተባለ፣ በረዶ ይያዝላት ተባለ፣ ምን ትበያለሽ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። ወደ እኔ ስትመጣ ደረጃ መውጣት ተስኗት ነበር፤ ምርመራውም የቅልጥሟ አጥንት መሰንጠቁን አሳየ። ከጠዋት እስከ ማታ የምትበላውን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ባዶ ሆዷን ትወጣለች፤ 3 ሰዓት ላይ ስትመለስ ሻይ በግማሽ ዳቦ፤ ምሳ ላይ ሁለት ሦስት ጉርሻ፤ ማታ አንዳንዴ ምንም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እንደ ጀብዱ ነበር። አንጀቴን የበላውም ይኸው ነው።

የወር አበባ መቅረት የብቃት ምልክት አይደለም፤ የአደጋ ደወል ነው። ሰውነት ለልምምድ ካወጣው ኃይል ተርፎ ለራሱ የሚሆን ሲያጣ፣ ለጊዜው ሊያቆያቸው የሚችላቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ ያቆማል፤ የመራቢያ ሆርሞኖች ይቀንሳሉ፣ አጥንት መጠገኑ ይዘገያል፣ በሽታን የመከላከል አቅም ይዳከማል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ይህንን ችግር እ.ኤ.አ. በ2014 ባለሙያዎችን ሰብስቦ በጋራ መግለጫ አውጥቶበታል፣ በ2018 እና በ2023ም አሻሽሎታል፤ ወንዶች ሯጮችንም እንደሚያጠቃ በዚያው ተጽፏል። እኛ ግን ዛሬም አጥንቷ የገጠጠን ልጅ «አሁን ሯጭ መሰልሽ» እንላታለን። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች ወዲህ በእርሷ ስም እየማልን ነው ሴት ልጆችን ከእናቶቻቸው ጓዳ አውጥተን ወደ ሜዳ ያመጣናቸው፤ ያመጣናቸው ልናስርባቸው ነው? ጫማ ለመግዛት ስብሰባ እንጠራለን፣ ለትራክ ኪራይ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ የልጆች ቁርስ ሲነሳ ግን በጀት የለም እንላለን!

ቀጭኖቹ ታላላቅ ሯጮቻችን ጥቂት እየበሉ ነው እዚያ የደረሱት የሚለውም ወሬ ከእውነት የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ምግባቸው ለሰባት ቀናት የተመዘነላቸው ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ሯጮች በቀን ከ3,000 ካሎሪ በላይ ይበሉ ነበር፤ ከዚህም ወደ ሁለት ሦስተኛው የተገኘው ኃይል ሰጪ ከሆነው ንጥረ ነገር፣ ከካርቦሃይድሬት ነው፤ የበሉትም ካወጡት ኃይል ጋር የተቀራረበ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው ከልምምድ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ጡንቻ ያወጣውን ኃይል ቶሎ የሚተካው ልምምዱ እንዳበቃ ባሉት ሰዓታት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ለ50 ኪሎ ልጅ ይህ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲሆን፣ 70 ግራም ያህል በሶ ውስጥ ይገኛል፤ በውኃ በጥብጦ ሜዳው ዳር ለመጠጣት ምንም የሚያስቸግር ነገር የለውም። ቀጥሎ ቤቷ ስትደርስ ቂንጫ ወይም ዳቦ በእንቁላል ትብላ። ሻዩ ግን ይቆይ። ሻይና ቡና ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየት ይኖርባቸዋል፤ በአንጻሩ ብርቱካን ወይም ምስሩ ላይ የተጨመቀ ሎሚ ያግዛል። ከ2,500 ሜትር በላይ እየሮጠች ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ለምትሠራ፣ በየወሩም ደም ለሚፈሳት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጾምን በተመለከተ ጹሙም አትጹሙም አልልም፤ እርሱ የአትሌቷና የንስሐ አባቷ ጉዳይ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ግን ከባዱ ልምምድ ወደሚበላበት ሰዓት ይጠጋ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሽምብራውና ተልባው በሳህኑ ላይ ይብዛ። ረመዳን ለሚጾሙትም እንዲሁ ልምምዱ ወደ ማፍጠሪያ ይቅረብ። በየፋርማሲው ስለሚሸጠው የቫይታሚን መርፌና ዱቄት የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ።

የክለብ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሚዛኑ ከሜዳ ይነሳ፤ መመዘን የግድ ሲሆን በጤና ባለሙያ፣ በዝግ ክፍል ይሁን። የወር አበባዋ 3 ወር የቀረባት ልጅ ልምምዷ ተቀንሶ ወደ ሐኪም ትላክ፤ ይህን መጠየቅ የሚያሳፍረው አሠልጣኝ ካለ ሴት ረዳት ይመደብለት። ከልምምድ በኋላ የሚሰጥ ቁርስም በዚህ ዓመት በጀት ውስጥ ይግባ። ከሰዓት በኋላ የምትወያዩት ስለ በጀቱ ነውና መልሳችሁን እዚሁ አዳራሽ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

አመሰግናለሁ።