አምስት ጊዜ ከፍተሽዋል

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ማውራት የፈለኩት ስለ አንድ የስልክ ጥሪ ነው፣ የደወልኩት እኔ አይደለሁም ግን የተደወለው በኔ ኮድ ምክንያት ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን ዌብሁክ የሚባል ነገር ልጽፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

ሽሮ ሜዳ ሱቅ ያላቸው አንድ እናት አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። የሐበሻ ቀሚስ ነው የሚሸጡት፣ ከሸማኔዎቹ ጋር ቀጥታ ይሠራሉ፣ ጥለቱን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ሜትሩ ሁሌ አንገታቸው ላይ ነው። ደንበኞቻቸው ግማሹ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ደግሞ ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ምናምን ናቸው፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለሰርግ የሚያዙ። ቁጥሮቹ በሙሉ አንድ ወፍራም ደብተር ላይ ነበሩ፣ ስም፣ ስልክ፣ ከጎኑ የወገብ የትከሻ ልኬት። እኔ ያንን ደብተር ሲስተም ላይ አስገብቼ ለእንቁጣጣሽ አዲስ የመጡትን ቀሚሶች ሊንክ ልልክላቸው ተስማማን፣ እዚህ ላሉት በቴክስት፣ ውጭ ላሉት በዋትስአፕ፣ ቴሌግራም ለሚጠቀሙት በቴሌግራም ቦት፣ ማለትም ሜሴጁን በራሱ በሚልክ ፕሮግራም።

እትዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ። "ልጄ፣ ማን እንዳየው ማወቅ እችላለሁ?" ጥያቄው ልክ ነው'ኮ። ሱቅ ውስጥ ሰው ጥለቱን በጣቱ ሲዳስስ ያዩታል፣ አንስቶ መስታወት ጋ ሲሄድ ያዩታል፣ ሊገዛ ይሁን ዝም ብሎ ሊያይ ይሁን ከፊቱ ይገባቸዋል፣ ስልክ ላይ ግን ልኮ መጠበቅ ብቻ ነው። ይቻላል አልኳቸው። ማን እንደከፈተ፣ መቼ እንደከፈተ፣ ስንት ጊዜ እንደከፈተ እነግርዎታለሁ አልኳቸው።

ዌብሁክ ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ሸማኔ ጋር ቀሚስ አዛችሁ በየቀኑ እየደወላችሁ አለቀ ወይ አለቀ ወይ ማለት ትችላላችሁ፣ አለበለዚያ ደግሞ ሸማኔው አትድከሙ ሲያልቅ እኔው እደውላለሁ ይላችኋል። ዌብሁክ ሁለተኛው ነው። የራሳችሁን ሰርቨር አድራሻ ትሰጣላችሁ፣ ሜሴጁን የሚልክላችሁ ድርጅት የሆነ ነገር በተፈጠረ ቁጥር እዛ አድራሻ ላይ ፖስት ያደርግላችኋል፣ ይሄ ቁጥር ይሄን ሊንክ በዚህ ሰዓት ከፈተ ብሎ። ስሙን ያወጣለት ጄፍ ሊንድሴይ የሚባል ፕሮግራመር ነው፣ በፈረንጆቹ 2007። እና ሲደወልላችሁ ሰምቻለሁ ብላችሁ መመለስ አለባችሁ፣ 200 የሚል ኮድ ነው መልሱ። ይቺን 200 ያዙልኝ።

ክሊኩ የሚታወቀው ሊንኩ ቀጥታ ወደ ቀሚሱ ገጽ ስለማይወስድ ነው። መጀመሪያ አንድ አጭር አድራሻ ላይ ያርፋል፣ እሱ ይመዘግብና ወዲያው ወደ ትክክለኛው ገጽ ያሳልፈዋል፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ የራሱ ኮድ ያለው የተለየ ሊንክ ነው የሚሄደው። ኮዱ ዝም ብሎ የተደበላለቀ ፊደል መሆን አለበት፣ ስልክ ቁጥሩን እዛ ውስጥ የሚያስገቡ አይቻለሁ፣ በፍጹም፣ ሊንኩ ፎርዋርድ ሲደረግ የሰውየው ቁጥርም አብሮ ይዞራል።

አጭር የሚሆንበትም ምክንያት አለው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ቴክስት 160 ይይዛል፣ አማርኛ ስትጽፉ ግን 70 ነው፣ ካለፈ በ67 በ67 እየተከፈለ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ እንደ አንድ ሜሴጅ ይቆጠርባችኋል። እትዬ "እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ" ካልተባለ አልልክም አሉ። 28 ነው፣ ከነክፍተቱ ቆጥሬዋለሁ። ሊንኩ 22፣ ለቀሚሱ የቀረን 20 ፊደል። እኔ እንኳን አደረሰዎ ብለን እናሳጥረው ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን ለአስር ዓመት ደንበኛዬ እንዲህ ነው የምለው አሉ፣ አሁን ሳስበው እሳቸው ናቸው ልክ።

ዋትስአፕ ላይ ዌብሁኩ ተላከ፣ ደረሰ፣ ተነበበ፣ አልሄደም ይላችኋል፣ ያውም ተነበበ የሚለው ሰውየው የማንበቢያ ምልክቱን ካላጠፋው ነው። ሊንክ ያለበት በተን ሲነካ ግን ምንም አይመጣላችሁም። ቴሌግራምም ላይ እንደዛው፣ ሊንክ ያለበት በተን ሲነካ ቦቱ አይነገረውም፣ የሚነገረው ኮልባክ የሚባለው፣ ሊንክ የሌለው በተን ሲነካ ነው። ስለዚህ የኛ ክሊክ በሙሉ በዛው በአጭሩ ሊንክ ነው የሚያልፈው፣ ከየትም ይምጣ።

እሺ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተላከ። ክሊክ በመጣ ቁጥር ኮዴ የሚሠራው እንዲህ ነበር፣ ዌብሁኩን ይቀበላል፣ የደንበኛውን ስም ይፈልጋል፣ ጉግል ሺት ላይ አንድ መስመር ይጨምራል፣ ለእትዬ በቴሌግራም ኖቲፊኬሽን ይልካል፣ ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ 200 ብሎ ይመልሳል። እንደዚህ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ በቅደም ተከተል ንጹሕ ስለሚመስል። የእትዬ ስልክ ድው ድው ይል ጀመር፣ እሳቸው ደስ አላቸው፣ እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሱቃቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነው። እትዬ ስልካቸውን አዩና እቺ ልጅ አምስት ጊዜ ከፍታዋለች'ኮ አሉ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ቀሚስ። ያውቋታል፣ ለእህቷ ሰርግ ሰፍተውላታል። ደወሉላት፣ እጃቸው ጨርቅ ይዞ ስለነበር ስፒከር ላይ አደረጉት። "ልጄ እንደምን አለሽ፣ እናትሽ ደህና ናቸው፣ እቺን አረንጓዴዋን አምስት ጊዜ ከፍተሽ አይተሻታል፣ ለሌላ ሳልሸጣት ላስቀምጥልሽ?"

ዝም አለች። እኔ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ከዛ "እትዬ፣ ማን ነገረዎት?" አለች። እሳቸው እየሳቁ አይ ስልኩ ይነግረኛል አሏት። "አምስት ጊዜ አልከፈትኩም'ኮ እኔ። ታዩኛላችሁ እንዴ?" ድምጿ ላይ የነበረው ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። በየጊዜው የማታውቁትን ሊንክ አትክፈቱ፣ ብራችሁን ይወስዱታል እየተባለ በሚነገርበት ሀገር አንድ እናትሽን የሚያውቁ ሴትዮ ደውለው የከፈትሽውን ቆጥሬያለሁ ሲሉሽ ምን ታስቢያለሽ። ይቅርታ ሥራ ላይ ነኝ ብላ ዘጋችው። እትዬ ዞረው አዩኝና "ምን አጠፋሁ?" አሉኝ።

የዛን ቀን ማታ ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የመጣለትን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፈትኩት። የልጅቷ አምስት መስመር ተደርድሯል። የደረሰኝ ሰዓት የተለያየ ነው፣ 17:02፣ 17:03፣ 17:05፣ 17:13፣ 17:45፣ ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ ከኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ስለሆነ በኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው። ሺቱ ላይ የጻፍኩት ይሄን የደረሰኝን ሰዓት ብቻ ነበር። ጥሬውን ዳታ ስከፍተው ግን ውስጡ ሌላ ሰዓት አለ፣ የተከፈተበት ሰዓት፣ አምስቱም ላይ 17:02:41። ያው ሰከንድ። የክስተቱ መለያ ቁጥርም አምስቱም ላይ አንድ ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ ነው የከፈተችው።

ሺቱ ቀርፋፋ ነበር፣ ኖቲፊኬሽኑም ቀርፋፋ ነበር፣ እነሱን ስጠብቅ 200 ሳልመልስ ይቆያል፣ የላከው ወገን አልሰማኝም ብሎ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይልካል፣ አሁንም ካልመለስኩ ትንሽ ረዘም አድርጎ ቆይቶ ይልካል። እነሱ ጥፋት የለባቸውም፣ ዌብሁክ ሲሠራ እንደዚህ ነው፣ እንዳይጠፋብህ ብሎ ነው የሚደጋግመው፣ ዋትስአፕ እንኳን መልስ ካላገኘ እስከ 7 ቀን ድረስ ይሞክራል። እያንዳንዱን ድጋሚ እንደ አዲስ ክሊክ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ያ ነው የሚያናድደው። ሲመጣ መጀመሪያ ፊርማውን ታያለህ፣ ማለትም የምስጢር ቁልፉን ተጠቅመው በሻ 256 በሚባል ስልት ፈርመው ነው የሚልኩት፣ ካልገጠመ አትቀበልም ምክንያቱም አድራሻህን ያወቀ ሁሉ የውሸት ክሊክ ሊልክልህ ይችላል። ከገጠመ ጥሬውን እንዳለ ወረፋ ውስጥ ታስቀምጥና ወዲያው 200 ትላለህ፣ ሥራውን በኋላ ቀስ ብለህ ትሠራለህ፣ ዳታቤዙ ላይ ደግሞ ያ መለያ ቁጥር ሁለቴ እንዳይገባ ትከለክላለህ። በቃ፣ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

ሎጉን ከጀመርኩ አይቀር ሁሉንም አየሁት፣ ሌላም ጉድ አለ። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የተከፈቱ አሉ፣ ሰው ሜሴጅ እንደገባለት በአንድ ሴኮንድ አይነካም። ዩዘር ኤጀንት የሚለውን፣ ማለትም ሊንኩን የከፈተው ምን እንደሆነ የሚናገረውን፣ ስታዩ ቴሌግራም ቦት፣ ፌስቡክ ኤክስተርናል ሂት ምናምን ይላል፣ ሊንኩ ሥር የሚወጣውን ትንሽ ፎቶ ለማምጣት አፑ ራሱ ሄዶ የከፈተው ነው። ከነዚህ አንዱ ላይ ኮዱ የአንዲት ዋሽንግተን ያለች ደንበኛ ነው፣ እትዬ ጋ የደረሰው ኖቲፊኬሽን እሷ ከፈተችው ይላል፣ የእሷ ስልክ ግን አልነበረም። ምናልባት አንዱ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ፎርዋርድ አድርጋው ይሆናል። ሌላ ደግሞ ሪዳይሬክቱን፣ ከአጭሩ አድራሻ ወደ ቀሚሱ ገጽ የሚያሳልፈውን፣ 301 ማለትም ቋሚ አድርጌው ስለነበር የአንዳንዱ ስልክ መንገዱን ይዞት ሁለተኛ ሲከፍት በአጭሩ አድራሻ በኩል አያልፍም፣ እውነት ደጋግሞ ያየው ሰው አንዴ ተብሎ ተቆጥሯል ማለት ነው። 302፣ ማለትም ጊዜያዊ፣ መሆን ነበረበት።

በነጋታው ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንዴ ነው የከፈተችው አልኳቸው። ሰሙኝ፣ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉትና "ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለልጅቷ ንገራት" አሉኝ። እሳቸው በቴክስት አስፈቅደዋት ደወልኩላት። እኔ ነኝ ሲስተሙን የሠራሁት፣ ሰርቨሬ ቶሎ ስላልመለሰ አንዱ አምስት ሆኖ ተቆጠረ፣ ይቅርታ፣ እትዬ ምንም አያውቁም አልኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

"እሺ" አለችኝ፣ "አንዴ ቢሆንስ?"

መልስ አልነበረኝም። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አምስትን አንድ ሳደርግ ነው ያደርኩት፣ እሷ የፈራችው ግን አምስቱን አይደለም፣ መቆጠሯን ነው። ልኬቷን ለእትዬ ስትሰጥ ቀሚስ እንዲሰፉላት ነው የሰጠችው፣ ቁጥሯንም ሲያልቅ እንዲደውሉላት። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ምን እንዳየች እንዲመዘገብ ማንም አልጠየቃትም፣ እኔም አልጠየኩም፣ መጠየቅ እንዳለብኝም አላሰብኩም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1321፣ የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ የሰው መረጃ ለምን እንደሚሰበሰብ ሰውየው ማወቅ አለበት የሚለው ነገር እዛ ውስጥ አለ። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዋጁን ያነበብኩት ከዛ ጥሪ በኋላ ነው።

ያንን ኖቲፊኬሽን አጠፋሁት። እትዬ አሁን ስም አያዩም፣ አረንጓዴው በዚህ ሳምንት ይሄን ያህል ሰው ከፈተው፣ ነጩ ይሄን ያህል፣ እሱን ብቻ ነው የሚያዩት፣ እሱም ከሸማኔው ምን እንደሚያዙ ለመወሰን በቂያቸው ነው። ስምና ክሊክ የሚያገናኘው መዝገብ በ30 ቀን ይጠፋል። ብዙ ደንበኞቼ ይሄን አይወዱትም፣ ማን እንደከፈተ ስጠን ለሽያጭ ክፍል እንስጠው እንዲደውሉ ይላሉ፣ ዌብሁኩ ላይ አለ አይደል እንዴ ይሉኛል። አዎ አለ። እኔ ግን ያቺን ጸጥታ በስፒከር ሰምቻታለሁ፣ አልሰጥም።

ደብተሩ አሁንም አለ፣ እትዬ አልጣሉትም። ባለፈው ስሄድ ከልኬቱ ቀጥሎ በእስክሪብቶ አዲስ መስመር አስምረዋል፣ "ሜሴጅ ይላክ?" ይላል ከላይ፣ ሱቅ የመጣውን ሁሉ ራሳቸው እየጠየቁ ሥሩ እሺ ወይም አይ ብለው ይጽፋሉ። የልጅቷን ገጽ አሳዩኝ። ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት፣ ከዛ በሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ አይ። ሲስተሙ ላይም አጥፍቼዋለሁ ቁጥሯን። ለመስቀል ግን እናትየዋ መጥተው ነጠላ ወስደዋል አሉኝ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።